ስለ እንግሊዝኛ አነጋገራችን

ባለፈው ቅዳሜ ጥቂቶቻችን አንድ የውጭ አገር እንግዳ ይዘን መርካቶ ሸማ ተራ ወርደን ነበር። እንግዳው ለወዳጆቹ የሚወስደው ነጠላ ፈልጎ ስንት እንዳለ ቢያስጠይቅ ነጋዴው «አሥራ አምስት» አለ። የሚያስተረጕመው ጓደኛችን ከፊልም የለመደውን የአሜሪካ ቅላጼ በአፍንጫው እየሳበ ቁጥሩን ነገረው። እንግዳው ሃምሳ መስሎት ደስ አለውና ሁሉንም እወስዳለሁ አለ። ስሕተቱን ያወቀው አማርኛው የትውልድ አገሩን ቅላጼ ያልለቀቀው ነጋዴ ነው፤ እስክሪብቶውን አውጥቶ ካርቶን ላይ 15 ብሎ ጻፈ።

እስክንመለስ ድረስ ሳቅን። በኋላ ግን ነገሩ አሳሰበን። በክፍላችን የሚሳቀው እንዲህ ባለው ጓደኛችን ላይ አይደለም፤ ከገጠር መጥቶ «እስኩል» ባለው ላይ ነው። አንድ ቀን የተሳቀበት ተማሪ ዳግመኛ እጁን አያነሣም። መምህሩም ትምህርቱ የገባው ይመስለዋል። ዓመታቱን በዝምታ ገፍቶ ለሥራ ፈተና በቀረበ ዕለት፥ ዕውቀቱ ሳያንሰው፥ አንደበቱ ይተሳሰርበታል።

ለመሆኑ የማንን አነጋገር ነው የምንመስለው? የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. ሲከፈት ይመሩት የነበሩት ካናዳውያን ኢየሱሳውያን ናቸው። በጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት እንግሊዞች፥ በየጠቅላይ ግዛቱ ብዙ ሕንዳውያን፥ ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ አሜሪካውያን የሰላም ጓዶች አስተምረዋል። አንዱ እንደ ሌላው አይናገርም ነበር፤ አያቶቻችን ግን ከሁሉም ተምረዋል። በመርካቶም ጉራጌው፥ ኦሮሞው፥ ሐረሪው አማርኛን በየአፉ ይናገራል፤ በቅላጼው ምክንያት ገዢ ያጣ ነጋዴ አላየንም።

ይሁን እንጂ «ዋናው መግባባት ነው» እያሉ እንዳሻቸው ከሚናገሩት ጋርም አንስማማም፤ ሳንግባባ እየቀረን ነውና! አማርኛ የሚማር ፈረንጅ «ገና» ሲል «ና»ን ካላጠበቀ፥ የልደትን በዓል ይሁን «ቆዩ፥ ገና ነው» ማለቱን እንዴት እናውቃለን? መጥበቅና መላላት በፊደላችን አይጻፍም፤ በጆሮ ይያዛል። እንግሊዝኛም ፊደሉ የማይናገረው ምስጢር አለው፤ ከቃሉ የትኛው ክፍል ተጭኖ እንደሚነገር አይጻፍም። በአሥራ አምስቱ መጨረሻው ተጭኖ ይረዝማል፥ «ን»ም ትሰማለች። በሃምሳው መጀመሪያው ይጫናል፥ መጨረሻው ያጥራል። ጓደኛችን ፊቱን ተጭኖ ኋላውን ዋጠው፤ «ር»ን ግን እንደ አሜሪካ ፊልም አሳምሮ ነበር የሚጠቀልላት።

እንደዚሁም አጭሩን አናባቢ ስናስረዝመው መርከቡ በግ ይሆናል። «ፓ»ን «ባ» ያደረገ ሰው መናፈሻ እሄዳለሁ ሲል የውሻ ጩኸት ያሰማናል። «እስኩል»ን ግን የማይረዳ ሰው የለም፤ የምንስቀው በማይጎዳው ላይ፥ የምናልፈው የሚጎዳውን ነው።

እኛ የምናስበው ቀላል ነው። የማኅበራችን ኮሚቴ በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ክፍል ይፍቀድልን። ሁለት ሁለት እየሆንን አንዱ ቁጥርና የሰው ስም በእንግሊዝኛ ያንብብ፥ ሌላው ጀርባውን ሰጥቶ ይጻፍ፤ ከዚያ ወረቀቱ ይመሳከር። ያልተሰማው ቃል ወዲያው ይታወቃል፤ እንደ ነጋዴው «ስንት አልኸኝ?» ብሎ መጠየቅም አያሳፍርም። ሊስቅ የሚመጣ በር ላይ ይቆይ። ካርቶኑንና እስክሪብቶውን እኛ እናመጣለን።