ሞደሙን የሚያዝዘው ማን ነው?

በሶዶ ከተማ በአንድ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለች ሞደም መብራቷ ድንገት ቀይ ሲሆን የቤቱ ሰው የሚያደርገውን ሁላችንም እናውቀዋለን። በመጀመሪያ ከሶኬቱ ይነቅላታል፤ ጥቂት ቆይቶ መልሶ ይሰካታል፤ እንቢ ያለች እንደ ሆነ በመዳፉ ጀርባዋን መታ መታ ያደርጋታል፤ በመጨረሻም «ኔትዎርክ የለም» ብሎ ነገሩን ለእግዚአብሔር ይተወዋል። እኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነን ባዮችም ከዚህ የተሻለ ስናደርግ አልታየንም። ዛሬ ልናነሣው የፈለግነው ከዚያች ቀይ መብራት በስተጀርባ ስላለው፣ በዐይን ስለማይታየውና እምብዛም ስለማንነጋገርበት ሶፍትዌር ነው፤ ይኸውም አገልግሎት ሰጪው ድርጅት የደንበኞቹን ሞደሞች ካለበት ሆኖ የሚያዋቅርበትና የሚያድስበት ሶፍትዌር ነው። ጉዳዩ የመሐንዲሶች ብቻ ነው የሚል ወንድም ወይም እኅት ቢኖር እስከ መጨረሻው እንዲታገሠን እንለምናለን።

ሞደም ከፋብሪካ ስትወጣ ስለ ባለቤቷ የምታውቀው ነገር የለም። መብራት አግኝታ ስትነሣ አስቀድማ የምታደርገው አድራሻው የተነገራትን አንድ ሰርቨር መፈለግ ነው። ሠሪዋ ማን እንደ ሆነ፣ መለያ ቍጥሯ ስንት እንደ ሆነ፣ በውስጧ ያለው ሶፍትዌር ስንተኛው እንደ ሆነ ትነግረዋለች። ሰርቨሩም መዝገቡን ገልጦ «አንቺ የእገሌ ነሽ፤ የመግቢያ ስምሽ ይህ ነው፤ የይለፍ ቃልሽ ይህ ነው፤ የያዝሽው ሶፍትዌር አርጅቷልና አዲሱን ከዚህ ውሰጂ» ይላታል። ከዚያም በኋላ በታዘዘችው ሰዓት ልክ እየተመለሰች «አለሁ» ትላለች። ይህ ንግግር ከሚካሄድባቸው ደንቦች ዋናው ቲ.አር. 069 ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣውም ዛሬ ብሮድባንድ ፎረም የሚባለው ማኅበር ነው። ደንቡ ለሁሉም የተገለጠ ስለ ሆነ ማንም ማንበብ ይችላል፤ ምሥጢር የለበትም።

ቦሌ ላይ ለሚኖር ደንበኛ ባለሙያ መላክ ቀላል ነው። ከሶዶ ተነሥቶ ወደ በሌ ወይም ወደ ገሱባ በሞተር ብስክሌት መሄድ፣ ያውም በክረምት፣ ሌላ ነገር ነው። ባለሙያው ጭቃውን ገፍቶ ከደረሰ በኋላ ችግሩ ከይለፍ ቃሉ ውስጥ አንዲት ፊደል መሳሳቷ ብቻ ሆኖ ሲያገኘው ምን እንደሚል መገመት አያዳግትም። ሰርቨሩ በደንብ ቢሠራ ኖሮ ያችን ፊደል ከወንበሩ ሳይነሣ ባቃናት ነበር። እርግጥ ነው፣ በዞናችን አብዛኛው ሰው ዛሬም ኢንተርኔትን የሚያገኘው በእጅ ስልኩ ነው። ይሁን እንጂ የባንክ ቅርንጫፉ፣ ሆቴሉ፣ የግል ክሊኒኩ፣ ቦዲቲና አረካ ውስጥ ፎቶ ኮፒና ኮምፒዩተር ጽሕፈት የሚሠሩት ወጣቶች ኑሯቸው በሞደም ላይ የቆመ ነው። ሶዶም ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል መንግሥት ዋና መቀመጫ ስለ ሆነች ሞደም የሚያሻቸው ቢሮዎች እየበዙ ሄደዋል።

እንግዲህ ይህን ለመናገር ያስደፈረን ምንድን ነው? ያስደፈረን የራሳችን ጥፋት ነው፤ ሳንደብቅ እንናገራለን።

እኛ ጥቂት ጓደኛሞች ገንዘብ አዋጥተን ከገበያ ሦስት አሮጌ ሞደሞችና አንድ እ.ኤ.አ. ከ2011 በፊት የተሠራ ኮምፒዩተር ገዛን። ጂኒ ኤ.ሲ.ኤስ. የሚባል፣ ማንም በነፃ ወስዶ ሊጠቀምበት የሚችል የሞደም ማዋቀሪያ ሶፍትዌር አለ። እርሱን ጫንን፤ መዝገቡን የሚይዝበትን ሞንጎ ዲ.ቢ. የተባለውን ዳታቤዝም 4.4ኛውን ጫንን። ሞደሞቹን በ7547 ቍጥር በር በኩል ከሰርቨሩ ጋር አገናኘናቸው። ሦስቱም ተራ በተራ ስማቸውን ሲያስመዘግቡ ያየነውን ደስታ ለመግለጽ ቃል ያጥረናል። የዋይፋዩን ስም ከአልጋ ላይ ተቀምጠን እየቀያየርን የጎረቤት ልጆችን ያስገረምንበት ምሽት አይረሳም።

የጊፋታ ሰሞን ከመካከላችን ግማሾቹ ወደየቤታቸው ሙቹዋ ሊበሉ ሲሄዱ፣ የቀረነው ሰዎች ሥራ ፈታንና ዳታቤዙን «አፕግሬድ» እናድርገው ተባባልን። መመሪያ ማንበብ የሚባለው ነገር ትዝ ያለው ሰው አልነበረም። 5.0ኛውን ስንጭን ኮምፒዩተሩ የማያውቀው ትእዛዝ እንደ ደረሰበት አንድ መስመር ጽፎ ዝም አለ። ምክንያቱን ያወቅነው ዘግይተን ነው፤ ሞንጎ ዲ.ቢ. ከ5.0 ጀምሮ ኤ.ቪ.ኤክስ. የሚባለውን የፕሮሰሰር ትእዛዝ ይፈልጋል፤ ኢንቴል ይህን በፕሮሰሰሮቹ ውስጥ ማስገባት የጀመረው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። የእኛ ኮምፒዩተር ከዚያ በፊት የተወለደ ሽማግሌ ነው። 4.4ን መልሰን ብንጭነው ሁሉም ነገር እንደ ነበረ በተገኘ ነበር። እኛ ግን በድንጋጤ ማኅደሩን በሙሉ ደምስሰን ከባዶ ጀመርን፤ መጠባበቂያ ቅጂም አልነበረንም።

ከባዶ ስንጀምር የሆነው ከሁሉ ይልቅ ያስተምራል። ሰርቨሩ ሦስቱን ሞደሞች አላወቃቸውም፤ እንደ አዲስ መጤ መዘገባቸው። እኛም ቀደም ብለን «አዲስ ለሚመጣ ሁሉ ይህን ስም ስጥ» ብለን የጻፍነውን ትእዛዝ ሳናየው መልሰን ስላስገባነው፣ ለሦስቱም አንድ የመግቢያ ስምና አንድ የይለፍ ቃል ሰጣቸው። አንደኛው ሲገባ ሁለተኛው ይባረራል፤ ሁለተኛው ሲገባ ሦስተኛው። ሦስት ሞደሞች በመሆናቸው ሥቀን አለፍነው። ሦስት ሺሕ ቢሆኑ፣ ከእነርሱም አንዱ የባንክ፣ አንዱ የክሊኒክ ቢሆን ማን ይሥቅ ነበር?

በኋላ መመሪያውን ስናነብ ዳታቤዙ ከ3.6 ተነሥቶ በቀጥታ ወደ 4.4 መዝለል እንደማይቻል፣ 4.0ንና 4.2ን በየተራ ማለፍ ግድ እንደ ሆነ ተረዳን። ከመካከላችን አንዱ የገበሬ ልጅ ነውና «ይህማ የእንሰት ነገር ነው» አለ። እናቶቻችን የእንሰቱን ችግኝ ከበቀለበት ወደ ሁለተኛ ስፍራ፣ ከዚያም ወደ ሌላ እያዛወሩ ያሳድጉታል እንጂ ከችግኝ ቦታው አንሥተው በአንድ ቀን ጓሮ ሙሉ እንሰት አያደርጉትም። ሶፍትዌርንም እንዲሁ ደረጃ በደረጃ የሚያሳድግ ሰው ያስፈልጋል፤ ይህን ልማድ የሚያውቅ ሰው ደግሞ ከመጽሐፍ ብቻ አይወጣም፤ ተሳስቶ፣ ደንግጦ፣ መልሶ ሠርቶ ነው የሚወጣው።

ወደ አገር ጉዳይ እንለፍ። ስልክ ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1894 ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ መሣሪያውን ከውጭ እናመጣለን፤ ይህ ነውር አይደለም፤ ዓለም ሁሉ የሚያደርገው ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ከቻይናው ዜድ.ቲ.ኢ. ጋር በ1.5 ቢልዮን ዶላር የሚገመት ስምምነት ተፈረመ፤ በ2013 ደግሞ ለዜድ.ቲ.ኢ.ና ለሁዋዌ እያንዳንዳቸው 800 ሚልዮን ዶላር የሚያህል ሥራ ተሰጠ። ጥቂት ሳይቆይ የነበረውን መረብ ለማደስ በሚከፈለው ዋጋ ላይ ከዜድ.ቲ.ኢ. ጋር ስምምነት በመታጣቱ ከሥራው ከፊሉ ወደ ስዊድኑ ኤሪክሰን ሄደ። ልብ እንበል፤ ክርክሩ የተነሣው በማደስ ላይ ነው። መሣሪያ የሚገዛ ሰው ዋጋውን አንድ ጊዜ ይደራደራል፤ ማደሱን የማያውቅ ግን በየጥቂት ዓመቱ ሻጩ በቈረጠለት ዋጋ ይከፍላል፤ ለመከራከር እንኳ ምን ያህል ሥራ እንደሚጠይቅ ማወቅ አለበት። ዛሬ ኢትዮ ቴሌኮም ብቻውን አይደለም፤ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ከመስከረም 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በይፋ ሥራ ላይ ነው። አገልግሎት ሰጪ በበዛ ቍጥር ይህን ሥራ የሚያውቅ እጅ ይፈለጋል፤ ያ እጅ የእኛ ይሁን ወይስ በሆቴል ተቀምጦ በቀን የሚከፈለው እንግዳ?

ከከተማችን አጠገብ ያለውን የኤሌክትሪክ መለወጫ ጣቢያ ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። በ500 ኪሎ ቮልት፣ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ኬንያ ሱስዋ የሚደርሰው፣ እስከ 2,000 ሜጋ ዋት ሊሸከም የሚችለው መስመር የሚነሣው ከዚህ ከሶዶ ነው። ለጎረቤት አገር ኀይል የሚልክ ከተማ የግድግዳውን ሞደም ማዘዝ ተሳነው ቢባል ለእኛ ለተማሪዎቹ የሚያኰራ ወሬ አይደለም።

ደግሞም አደጋ አለ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2016 በጀርመን አገር 900,000 የሚያህሉ የዶይቸ ቴሌኮም ደንበኞች በአንድ ቀን አገልግሎት ተቋረጠባቸው። ክፉ ሰዎች ሞደሞችን ለመያዝ ያንኑ 7547 ቍጥር በር ሲያንኳኩ፣ ብዙዎቹ ሞደሞች ባይያዙም ተዝለፍልፈው ወደቁ፤ መድኀኒቱም ቶሎ የተዘጋጀ አዲስ ሶፍትዌር ነበር። በጥቅምት 2023 ደግሞ በአሜሪካ የአንድ አገልግሎት ሰጪ ከ600,000 በላይ መሣሪያዎች በሦስት ቀን ውስጥ ከንቱ ሆኑ፤ እነዚህስ በሶፍትዌር የሚድኑ ስላልነበሩ በአዲስ ዕቃ መተካት ነበረባቸው። ጀርመን በፍጥነት የዳነችው ማደስ የሚችል ሰው በቦታው ስለ ነበረ ነው እንላለን። ስድስት መቶ ሺሕ ሞደም እንደ ገና መግዛት ለእኛ ምን ማለት እንደ ሆነ የኤኮኖሚክስ ተማሪዎች ወንድሞቻችን ያስሉልን።

የሕግ ተማሪዎችም ድርሻ አላቸው። ሞደሙን የሚያዝዝ ሰርቨር በቤት ውስጥ ስንት ስልክ እንደ ተገናኘ፣ ስማቸው ማን እንደ ሆነ ሊያይ ይችላል። እኛ ራሳችን የጓደኛችንን ስልክ ስም በሰርቨሩ ላይ አይተን ቀልደንበታል፤ በኋላ ግን አፈርን። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ሰርቨሩን የሚጭን ሰው አዋጁን፣ አዋጁን የሚተረጕም ሰው ሰርቨሩን ሳያውቁ የሚጠበቅ ነገር ያለ አይመስለንም።

«ድርጅቶቹ የሚጠቀሙበት ሌላ፣ ውድ ሶፍትዌር ነው፤ እናንተ በነፃው ተጫውታችሁ ምን ታገኛላችሁ?» የሚሉን አሉ። ደንቡ አንድ ነው፤ ሞደሟ የምትናገረው ቋንቋም አንድ ነው። በአሮጌ ኮምፒዩተር ላይ መጠባበቂያ ቅጂ መያዝን፣ በጥቂት ሞደሞች ሞክሮ ወደ ብዙዎቹ መሄድን፣ ሲበላሽ ወደ ኋላ መመለስን የለመደ ተማሪ ውድ የሆነው ቢሰጠው አይደነግጥም። ያልለመደ ግን የምስክር ወረቀቱን በመስታወት አድርጎ ቢሰቅለውም የሚያድነው የለም።

ዩኒቨርሲቲያችንን የምንጠይቀው ትልቅ ሕንፃ አይደለም፤ አንዲት ክፍል፣ ኤ.ቪ.ኤክስ. የሚያውቅ አንድ ኮምፒዩተርና ዐሥር የተጣሉ ሞደሞች ይበቁናል። የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ለመመረቂያ ሥራቸው ከሚመርጧቸው ርእሶች አንዱ ይህ እንዲሆንም እንጠይቃለን፤ ይኸውም ሶፍትዌሩን መጫን ብቻ ሳይሆን የቀደመው ዓመት ተማሪዎች የጫኑትን ሳያበላሹ ማሻሻል ነው። ሁለተኛው ከፊተኛው ይከብዳል፤ በዓመቱ የሚመጣው ተማሪ የሠራችሁትን የሚያገኘው በጻፋችሁት ልክ ነውና።

በበኩላችን የጥፋታችንን ዝርዝር በአማርኛ በአንድ ደብተር ጽፈነዋል፤ ወደ ወላይትኛ የሚመልስልን ብናገኝ ደስ ይለናል። ደብተሩ በኅብረቱ ጽሕፈት ቤት ይገኛል፤ ወስዶ ማንበብ ይቻላል፤ መመለስ ግን ግዴታ ነው። በቤቱ መብራቷ የጠፋ፣ የተሰነጠቀች ወይም አንቴናዋ የተሰበረ ሞደም ያለችው ሰው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ቢያመጣልን እንቀበላለን። ቻርጀሯንም አብሮ ቢያመጣ፤ ያለን ሦስት ሞደም ሲሆን ቻርጀር ግን ሁለት ነው።