ለልጄ ጎርፉን ማን ያሳይልኝ?

ሰሞኑን ከልጄ ጋር አልተስማማንም። ድሬዳዋ፣ ደቻቱ ዳር አንድ መጋዘን በርካሽ ተገኝቷል። «እማ፣ ቶሎ እንያዘው፤ ለቀፊራ ቅርብ ነው» ይለኛል። እኔ ደግሞ እምቢ ብያለሁ። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ማለቂያ ላይ ጎርፉ በሌሊት ሲመጣ እሱ ገና ጡት የሚጠባ ሕፃን ነበር። ከ250 በላይ ሰው ስላለቀበት ሌሊት ስነግረው በአክብሮት ያዳምጠኛል፤ ዓይኑ ግን አሸዋው ላይ ነው። አሸዋው ደግሞ ደረቅ ነው።

ባለፈው የእህቴ ልጅ ከአሜሪካ ሲመጣ ቨርቹዋል ሪያሊቲ የሚሉትን ዓይን ላይ የሚታሰር መነጽር ይዞ መጣ። ሲያጠልቁት ራስዎን ባዞሩበት ሁሉ ሌላ ቦታ ያለዎት ይመስላል። ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣውን አሳየኝ፦ ከመኪና የወጣው ጭስ ባሕር ገብቶ ውሃውን አሲድ ሲያደርገው፣ ኢስኪያ በምትባል የጣሊያን ደሴት ዙሪያ የባሕሩ ሕይወት ሲመናመን። ወንበር ላይ ተቀምጬ እግሬን ሰበሰብኩ። መነጽሩን ሳወልቅ የመጣልኝ ሐሳብ አንድ ነው፦ የኢስኪያን ባሕር እንዲህ ማሳየት ከተቻለ ደቻቱስ?

እኛ ነጋዴዎች ናሙና ሳናይ ዕቃ አንገዛም። ስለ መጪው የአየር ንብረት ግን በወሬ ብቻ እመኑ እንባላለን። አየር በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ እርጥበት ይሸከማል፤ ስለዚህ ከባድ ዝናብ ሲመጣ የበለጠ ይከብዳል። ለእኛ ይህ ቁጥር ማለት ከበላያችን ካለው ደጋ የሚወርደው ውሃ ነው። ከተማው ውስጥ ጠብ ሳይል ደቻቱ ሊሞላ ይችላል። ልጄ ይህን በመነጽሩ ቢያየው፣ ውሃው በዚያው መጋዘን በር ገብቶ ከጅቡቲ ያመጣነውን ቦንዳ ሲያነሳው ቢያይ፣ የእኔን ያህል ጩኸት አያስፈልገውም ነበር።

«ለመነጽር የሚወጣው ገንዘብ ለመከላከያ ግንብ ይዋል» የሚል ይኖራል። ግንብ ያስፈልጋል፤ አልከራከርም። ነገር ግን ግንብ ሲሠራ ሰው ተማምኖ ይበልጥ ይጠጋል። የሚያስጠጋውን ሐሳብ ግንብ አይመልሰውም።

ማስፈራራት ብቻ ከሆነ ግን ይቅርብን። የሚሠራው ነገር ማምለጫውን ጭምር ያሳይ፦ ሌሊት ማስጠንቀቂያ ሲሰማ በየት በኩል ይወጣል? ዕቃው ስንት ሜትር ከፍ ብሎ ይደርደር? ንግግሩም በሶማሊኛ፣ በኦሮምኛና በአማርኛ ይሁን፤ ገበያችን የሦስቱም ነው። ከመሠራቱ በፊት ደግሞ ያን ሌሊት ያዩ ሰዎች ይጠየቁ። ውሃው የቱ ግድግዳ ጋ እንደደረሰ እነሱ ያውቃሉ፤ ዕድሜያቸውም እየገፋ ነው።

ውጭ አገር ይህን ሙያ የተማሩ ልጆች ያሏችሁ ወላጆች፣ እባካችሁ ንገሯቸው። የነጋዴ ማኅበሮቻችንም ከክረምት በፊት ይነጋገሩበት። እኔ እስከዚያ ልጄን ይዤ፣ የዚያን ሌሊት ውሃ የወሰደባቸውን ጎረቤቴን ላስጠይቀው ነው። የመጋዘኑን ቀብድ ግን አልሰጥም።