ለአንድ ሜዳ አገር አቀፍ መርሐ ግብር?

በአፍሪካ ለወፎች ጥናትና ጥበቃ የሚሰጠው ጥቃቅን ድጎማ ብክነት ነው፤ ተሰብስቦ በትልልቅ አገር አቀፍ መርሐ ግብሮች ይጠቃለል። አንድ የለጋሽ ድርጅት ኃላፊ ሰሞኑን ይህን ሲናገሩ አዳራሹ አጨበጨበ። ጭብጨባው ከንግግሩ በላይ አናደደኝ።

ኃላፊው አንድ ጥያቄ ይመልሱልኝ፦ የሊበን ላርክ የተባለችው ወፍ የምትኖረው የት ነው? በዓለም ላይ ከቀሯት እጅግ ጥቂት ቦታዎች ዋነኛው በነገሌ ቦረና አጠገብ ያለው የሊበን ሜዳ ነው። ሜዳው ከታረሰ፣ ቁጥቋጦ ከወረሰው፣ ሣሩም በግጦሽ ካለቀ መሄጃ የላትም። እንግዲህ ዋነኛ መኖሪያዋ አንድ ሜዳ የሆነን ወፍ በአገር አቀፍ ዕቅድ የሚያድናት ማን ነው? በስንተኛው ገጽ ላይ ትገኛለች?

አደጋውን ያሳወቁን ጎህ ሲቀድ መስመር ይዘው ሜዳውን በእግር እያቋረጡ ወፍ የቆጠሩ ጥቂት ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 እና በ2009 የተካሄደው ቆጠራ ወፏ በሁለት ዓመት ውስጥ ክፉኛ መመናመኗን አሳየ። የጠየቀው ድንኳን፣ ነዳጅ፣ አቅርቦ ማሳያ መነጽርና የመንገድ መሪ ደመወዝ ነው። መፍትሔውም ከዚያው ከሜዳው ወጣ። አርብቶ አደሩ ለጥጆችና ለደካማ ከብቶች ሣር ከልሎ የሚያቆይበት ካሎ የሚባል የቆየ ሥርዓት አለው። ካሎው በእሾህ ሲታጠር ሣሩ አገገመ፤ ላርኳም ከውጭው ይልቅ በአጥሩ ውስጥ በርክታ ተገኘች። ከብቱም ወፏም የተጠቀሙት ከአንድ ሣር ነው። ይህን የአዲስ አበባ ሆቴል ዐውደ ጥናት አልወለደውም።

ሊበን ብቻዋን አይደለችም። ከአዲስ ዓለም አለፍ ብሎ ያለው የበርጋ ረግረግ ነጭ ክንፍ ፍላፍቴይል የተባለችው ብርቅ ወፍ በክረምት የምትራባበት ነው፤ ጎጆዋ የሚተርፈው የአካባቢው ሰው በወቅቱ ከብቱን ካራቀ ነው። በነጭ ሳር ብሔራዊ ፓርክም እ.ኤ.አ. በ1990 ጥቂት አጥኚዎች መንገድ ላይ ያገኙት አንድ ክንፍ እ.ኤ.አ. በ1995 ለሳይንስ አዲስ የናይትጃር (በሌሊት የምትበር ወፍ) ዝርያ ሆኖ ተመዘገበ። በሲሼልስ ደግሞ የአገሩ ዋርብለር ከ30 በታች ቀርታ ሳለ እ.ኤ.አ. በ1968 ኩዚን የምትባል ትንሽ ደሴት ለጥበቃ ተገዛች። ዛሬ ወፏ በሺዎች ትቆጠራለች። ደሴቲቱ ከ30 ሄክታር አትበልጥም። ትንሽ ቦታ ላይ የተሠራ ሥራ ውጤት የለውም የሚሉ ሰዎች ለዚህ ምን መልስ አላቸው?

ጥቃቅኑ ድጎማ ችግር የለውም አልልም። ችግሩ ግን ዕድሜው ማጠሩ ነው። በአንድ ዓመት ቆጠራ የወፍ ብዛት እየጨመረ ይሁን እየቀነሰ አይታወቅም። ስለዚህ ለአምስት፣ ለአሥር ዓመት ይራዘም፤ ቆጣሪው የአካባቢው ልጅ ይሁን፤ ደመወዙም ሳይቋረጥ ይከፈለው። በትልቁ መርሐ ግብር ውስጥ ገንዘቡ በአማካሪ ክፍያና በስብሰባ አበል ተሸራርፎ ሜዳው ዘንድ ሳይደርስ ያልቃል፤ ይህን እዚያ አዳራሽ የነበሩት ሁሉ ያውቁታል።

ትልቅ መርሐ ግብር የሚፈልግ በራሱ ገንዘብ ይጀምር። የሊበንን ቆጣሪ ደመወዝ ግን አይንካ።