ከደመወዝ የተቆረጠው የጡረታ ገንዘብ የት ደረሰ?



በምርጫ ሰሞን ስለ መንገድ፣ ስለ ውኃና ስለ መብራት ብዙ ትሰማላችሁ። እኛም በሌሎች ገጾች የምንለውን ብለናል። እዚህ ግን እጩዎች እምብዛም የማያነሱትን የፋብሪካ ሠራተኛ ጡረታ እናነሳለን። ከዚህ ደጋ ወርደው በባሕር ዳር፣ በኮምቦልቻና በአቃቂ ፋብሪካዎች ጉልበታቸውን የጨረሱ ወንድሞቻችን ሲመለሱ ይዘውት የሚመጡት ምንድን ነው? ብዙ ጊዜ አንድ ሻንጣና አንድ የሥራ ልምድ ወረቀት ነው።

የመንግሥት ሠራተኛ ጡረታ በአዋጅ ቁጥር 209/1955 ሲደነገግ የግል ድርጅት ሠራተኛው ከውጭ ቀረ። በ1967 ዓ.ም. ፋብሪካዎች ሲወረሱ የተወረሱት ድርጅቶች ሠራተኞች በመንግሥት ጡረታ ሥር ገቡ። ቀሪው የግል ሠራተኛ ግን አስገዳጅ የጡረታ ሕግ ያገኘው በአዋጅ ቁጥር 715/2003 ነው። በሁለቱ አዋጆች መካከል 48 ዓመት አለፈ። ከ2003 በፊት ፕሮቪደንት ፈንድ በሌለው ድርጅት 20 ዓመት የሠራ ሰው ያ አገልግሎቱ ለጡረታ አልተቆጠረለትም። የሥራ ስንብት ክፍያ አለ ይሉናል። እሱም ቢሆን በሕጉ ጣሪያው ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም።

ዛሬ ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ ያዋጣሉ። ደመወዙ 10,000 ብር የሆነ ሠራተኛ በየወሩ 700 ብር ይቆረጥበታል፤ ድርጅቱ 1,100 ጨምሮ 1,800 ብር ወደ ፈንዱ ማስገባት አለበት። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሽያጭ የቀዘቀዘበት፣ የውጭ ምንዛሪ ያጣ፣ መለዋወጫ ያለቀበት ነባር ፋብሪካ መጀመሪያ እጁን የሚዘረጋው ወደዚያ 1,800 ብር ነው። ሠራተኛው አያየውም፤ ከፔሮሉ ላይ ተቆርጧልና የገባ ይመስለዋል። እውነቱን የሚያውቀው በ60 ዓመቱ፣ በመስኮት በኩል «መዋጮው አልገባም» ሲባል ነው። በእኛ እምነት 700 ብሩ ከተቆረጠበት ደቂቃ ጀምሮ በአደራ የተያዘ የሠራተኛው ንብረት ነው እንጂ የድርጅቱ መንቀሳቀሻ ካፒታል አይደለም።

ይህ የእኛ አገር ጉድ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ስቱድቤከር የተባለው ከመቶ ዓመት በላይ የቆየ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1963 የሳውዝ ቤንድ የመኪና ፋብሪካውን እንደሚዘጋ ሲያስታውቅ የጡረታ ፈንዱ ጎደሎ ሆኖ ተገኘ። ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 59 የነበሩ ከ4,000 በላይ ነባር ሠራተኞች ከሚገባቸው 15 በመቶ ገደማ ብቻ አገኙ። ወጣቶቹ ምንም አላገኙም። ጩኸቱ ግን ከንቱ አልቀረም፤ እ.ኤ.አ. በ1974 የጡረታ መድን የሚሰጥ መሥሪያ ቤት በሕግ ተቋቋመ።

ገንዘቡ ፈንዱ ውስጥ ከገባ በኋላስ? ለረጅም ጊዜ በአብዛኛው ለመንግሥት የግምጃ ቤት ሰነድ መግዣ ሲውል ኖረ። ወለዱም እስከ 2012 ዓ.ም. ማሻሻያ ድረስ ከዋጋ ንረቱ እጅግ ያነሰ ነበር። በ2014 የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ ወጣ፤ በሐምሌ 2016 ብር ለገበያ ተለቀቀ። መንግሥት ከጡረተኛው በርካሽ ተበድሮ፣ ብድሩን በረከሰ ብር ይመልሳል ማለት ነው። በአዋጅ 715/2003 ስሌት 30 ዓመት ያገለገለ ሰው ከመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዙ 55 በመቶ ያገኝ ነበር። በጤና ዘመን የሚያኖር ነው። ኑሮ በዓመት በሲሶ ሲንር ግን የጤፍ ዋጋ አይሆንም።

ብንመረጥ ድርጅቶች ያስገቡትን መዋጮ ሠራተኛው በየሦስት ወሩ በስሙ በወጣ መግለጫ እንዲያውቅ፣ የፈንዱ ቦርድ የሠራተኛና የጡረተኛ ተወካዮች እንዲኖሩት፣ አበሉም በየዓመቱ የዋጋ ንረትን ተከትሎ እንዲስተካከል በሕግ እንደነግጋለን። ውዝፍ ያለበትን ፋብሪካ በአንድ ቀን ክፈል ብንለው ሊዘጋ፣ ሠራተኛውም ከጡረታውም ከእንጀራውም ሊወጣ እንደሚችል እናውቃለን። ስለዚህ ውዝፉ በሠራተኛ ማኅበሩ ፊት በተፈረመ የጊዜ ሠሌዳ ይከፈላል፤ እስኪያልቅ ድረስ ባለቤቶቹ ትርፍ አይከፋፈሉም። ይህ ባለሀብትን ያሸሻል የሚሉን አሉ። በሠራተኛው መዋጮ የሚነግድ ባለሀብት ቢሸሽ ብዙም አናዝንም።

ፋብሪካ የሌላችሁስ? በብሔራዊ ፓርኩ በቅሎ የምትነዱ፣ ለቱሪስት ምግብ የምታበስሉ፣ ዕቃ የምትሸከሙ፣ አሠሪያችሁ ዛሬ አንድ ነገ ሌላ ነው። አዋጅ 715/2003 መደበኛ ላልሆነው ዘርፍ በፈቃደኝነት የመግባት በር ከፍቶ ነበር፤ (የፖለቲካ ድርጅት ሠራተኞችንም እዚያው ላይ ጠቅሷልና ነገሩ እኛንም ይነካናል።) በወረቀት የተከፈተውን በር በደባርቅ ከተማ በሚሠራ የምዝገባ መስኮት እንተካዋለን። በነሐሴ 2013 በጭና የሆነውን እናንተ ታውቁታላችሁ። በዚያ ጦርነት ሰነዱ የጠፋበት ተተኪ፣ በተለይም ባሏን ያጣች ሴት፣ የአገልግሎት ዘመኑን በምስክርና በባንክ መዝገብ ማስረዳት እንድትችል የማስረጃ ደንቡ እንዲላላ እንጠይቃለን።

እስከዚያው ግን «ጡረታ» የሚል ተቀናሽ ያለበትን የደመወዝ ወረቀት አትጣሉ፤ ቅጂውን ለቤተሰባችሁ ስጡ፣ የማኅበራዊ ዋስትና መለያ ቁጥራችሁን ጻፉበት፣ መዋጮው መግባቱንም አሠሪያችሁን በጽሑፍ ጠይቁ።