አለቃ መጨረሻ ይናገር

ሥራዬ ማወያየት ነው፤ የአዳማንና የቢሾፍቱን የሆቴል አዳራሾች በደንብ አውቃቸዋለሁ። መርሐ ግብሩ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው፦ ምዝገባ፣ የመክፈቻ ንግግር፣ የጽሑፍ ገለጻ፣ ሻይ ቡና፣ ከዚያ «ጥያቄና አስተያየት»። ማይኩ በቅድሚያ የሚደርሰው ከፊት ለተቀመጡት ነው። ኃላፊው ሐሳባቸውን ከሰጡ በኋላ የሚናገረው ሁሉ «ክቡር ኃላፊ እንዳሉት» ብሎ ይጀምራል። ችግሩን በየቀኑ የምታየው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ግን አበሏን ፈርማ፣ አንድ ቃል ሳትተነፍስ ወደ ወረዳዋ ትመለሳለች።

ብዙ አዘጋጆች መፍትሔው ማነቃቂያ ጨዋታ ይመስላቸዋል። ተነሱ፣ አጨብጭቡ፣ ኳስ ተቀባበሉ ይባላል። ሰው ይስቃል፣ ይፍታታል። ቁጭ ሲል ግን የንግግሩ ተራ እንደነበረው ነው። መለወጥ ያለበት ይህ ተራ ነው።

ሄንሪ ሊፕማኖዊችና ኪት ማካንድለስ ካሰባሰቧቸው የማወያያ ዘዴዎች አንዱን አዘውትሬ እጠቀምበታለሁ። ጥያቄው በትልቅ ወረቀት ይጻፋል፤ ለምሳሌ «እናቶች ጤና ጣቢያ መጥተው እንዳይወልዱ የሚያግዳቸው ምንድን ነው?» ለ1 ደቂቃ ሁሉም ዝም ብሎ ለብቻው ያስባል፤ እኔ በብጣሽ ወረቀት አስጽፋለሁ። ቀጥሎ ሁለት ሁለት ሆነው 2 ደቂቃ፣ አራት አራት ሆነው 4 ደቂቃ ይነጋገራሉ። በመጨረሻው 5 ደቂቃ እያንዳንዱ ቡድን አንድ ዋና ሐሳብ ለቤቱ ያቀርባል። በድምሩ 12 ደቂቃ ነው። በአንድ መድረክ ላይ በዚህ መንገድ ከወጡት ወረቀቶች አንዱ «አምቡላንሱ ነዳጅ የለውም» ይል ነበር። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ይህን ጉዳይ ያነሳ ሰው አልነበረም።

መጻፍ ለማይችሉ ደግሞ ባቄላ ይበቃል። ችግሮቹ መሬት ላይ በምልክት ይቀመጣሉ፤ ለውኃ ጀሪካን፣ ለማገዶ ጭራሮ። ሁሉም እኩል ባቄላ ይዞ ይብሳል በሚለው ላይ ያኖራል። ወንዶችና ሴቶች ለየብቻ ሲያኖሩ ክምሩ የሚለያይበት ጊዜ ብዙ ነው፤ እውነተኛው ውይይትም ከዚያ ይጀምራል።

ይህ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ አይደለም። ዶክተር ቦጋለች ገብሬ ከእህታቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1997 የመሠረቱት ኬኤምጂ የተባለ ድርጅት በከምባታ የሴት ልጅ ግርዛትን የታገለው በማኅበረሰብ ውይይት ነው። ሽማግሌው፣ እናቲቱ፣ ወጣቱና የሃይማኖት አባቱ አንድ ላይ ተቀምጠው ተነጋገሩ፤ ልማዱም በእጅጉ ቀነሰ።

«አለቃን ማስጠበቅ ነውር ነው» የሚሉኝ አሉ። በባህላችን ግን የተከበረ ሽማግሌ ሁለቱን ወገን ሳይሰማ አይፈርድም፤ ክብሩም ከመስማቱ ይመጣል።

ስለዚህ ስብሰባ የምትመሩ ሁሉ፣ በሚቀጥለው መድረካችሁ ከመክፈቻው ንግግር 12 ደቂቃ ቀንሱና ለተሳታፊው ስጡ። የእናንተን ሐሳብ መጨረሻ ላይ ተናገሩት።