የመስቀል ወፍ የትም አልሄደችም

በአገራችን አንድ ሰው ከወዳጆቹ ዘንድ ጠፍቶ ሲከርም «የመስቀል ወፍ ሆንህብን» ይባላል። የመስቀል ወፍ ከዐደይ አበባ ጋር ብቅ ትልና በዓሉ ሲያልፍ ትሰወራለች፤ ከዚያ በኋላ እስከ ዓመቱ ድረስ ዐይኗ አይታይም ተብሎ ስለሚታመን ነው። አባባሉ ያማረ ነው፤ ለሰነፍ ወዳጅም ጥሩ ወቀሳ ይሆናል። ስለ ወፏ ግን እውነቱ ሌላ ነው።

በዚህ ስም የሚጠሩት ወፎች በየአገሩ ይለያያሉ። ይሁን እንጂ በክረምት ማብቂያ ጥቁርና ቢጫ ወይም ጥቁርና ቀይ ለብሰው በሣሩና በማሳው ላይ ሲንሳፈፉ የምናያቸው በአብዛኛው ጎጆ በመሥራት ከታወቁት ወፎች ወገን ናቸው። ያን ልብስ የሚለብሰው ወንዱ ብቻ ነው፤ የሚለብሰውም ዝናቡ ሣሩን አሳድጎለት ለመራባት ሲነሣ ነው። ወራቱ ሲያልፍ ያማረውን ላባ ያራግፍና እንደ ሴቲቱ ቡናማና ዝንጉርጉር ሆኖ፣ ድንቢጥ መስሎ፣ ከመንጋው ጋር እህል ሲለቅም ይከርማል። እንግዲህ የመስቀል ወፍ በጥቅምት አትሞትም፣ ባሕርም አትሻገርም። በኅዳርም በጥርም ከእኛው ጋር ናት። በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ብቅ የሚለው የእኛ ዐይን ነው።

ይህን ማንሣቴ ለጨዋታ ብቻ አይደለም። በግቢያችን ተማሪዎች በየሳምንቱ አንድ ማለዳ ወፍ ለማየት በእግር የሚወጡበት ልማድ እንዲጀመር፣ እርሱም ዓመቱን ሙሉ ሳይቋረጥ እንዲዘልቅ ለማሳሰብ ነው። ለመጀመርም ከጸደይ የተሻለ ጊዜ የለም።

ጸደይ ሲባል ብዙዎቻችን መስከረምን እናስባለን። በአባቶቻችን አቆጣጠር ግን ዘመነ ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25 ያለው ነው። በመግቢያው ላይ፣ ብርዱን ሸሽተው ከኤውሮጳና ከእስያ መጥተው በእኛ ዘንድ የከረሙ እንግዶች ጓዛቸውን ጠቅልለው ወደ ሰሜን ይመለሳሉ። ከከብት እግር ሥር ዝንብ የምትለቅመውን፣ ጅራቷን ያለ ዕረፍት ወደ ላይና ወደ ታች የምትወዘውዘውን ቀጭን ወፍ ልብ ብሎ የተመለከተ ሰው፣ ወንዱ ከመሄዱ በፊት ደረቱ ደማቅ ቢጫ ሲሆን ያያል። የመስቀል ወፍ የሠርግ ልብሱን አውልቆ እኛ ዘንድ ይቀራል፤ ይህኛው ደግሞ የሠርግ ልብሱን እኛ ዘንድ ለብሶ ለሠርጉ ሌላ አገር ይሄዳል። ሁለቱንም ለማየት የሚያስፈልገው ማልዶ መነሣት ብቻ ነው።

ነዋሪዎቹስ ቢሆኑ? በማለዳ በመንጋ ሆኖ እየጮኸ በላያችን የሚያልፈው፣ ከዚያም ረጅም ቆልማማ ምንቃሩን በሣሩ ውስጥ እየሰካ ትል የሚፈልገው ትልቅ ወፍ፤ በቤተ ክርስቲያንና በአሮጌ ሕንፃ ላይ የሚሰፍረው፣ ማጅራቱ ነጭ የሆነው የደጋ ርግብ፤ ከዛፍ ወደ ዛፍ እንደ ጥይት የሚወረወረው፣ የወንዱ ግንባር ቀይ የሆነ ትንሽ አረንጓዴ በቀቀን፤ እነዚህ ሦስቱ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ በቀር በዓለም ላይ ሌላ አገር የላቸውም። የባሕር ማዶ ሰው እነርሱን ለማየት ብዙ ገንዘብ አውጥቶ ይመጣል። እኛ ግን ለክፍል እየተጣደፍን በሥራቸው እናልፋለን።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ወፍ መመልከት የፈረንጅ ሥራ ፈትነት ነው» ይሉ ይሆናል። እንዲህ የሚል ሰው የገጠሩን ልጅ ረስቷል። ማማ ላይ ወጥቶ ወንጭፍ ይዞ ማሽላውን ከግሪሳ የሚጠብቀው ልጅ የትኛዋ ወፍ እሸት እንደምታበላሽ፣ የትኛዋ ተባይ እንደምትለቅም፣ መንጋው ከየት አቅጣጫና በስንት ሰዓት እንደሚመጣ ጠንቅቆ ያውቃል። ገበሬው «ወፍ ሳይንጫጫ» ብሎ ጉዞውን ሲወስን ሰዓቱ ከወፍ ነው። ይህ እውቀት የራሳችን ነበር። ከብዙዎቻችን እጅ ያመለጠው የቀለም ትምህርት ስንጀምር ነው፤ ስለዚህ መልሶ መፈለግ ፈረንጅን መቅዳት አይደለም።

ሌሎች ደግሞ «ስንት ችግር ባለበት አገር ስለ ወፍ ይወራልን?» ይላሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሱን ከሕንድ እንማር። በሕንድ ጥንብ አንሳ እንደ ቁራ የተለመደ ነበር። እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ግን ይሞት ጀመረ፤ በጥቂት ዓመታትም ከዋነኞቹ ዓይነቶች ከመቶ 95 እጅ የሚበልጠው አለቀ። ምክንያቱ ለከብት የሚሰጠው ዲክሎፌናክ የተባለ የሕመም ማስታገሻ መሆኑ በ2004 ታወቀ፤ መድኃኒቱ ያለበትን ጥንብ የበላ ወፍ ኩላሊቱ ይበላሽ ነበር። አንሺ ያጣው ጥንብ ለውሻ ተረፈ፤ ውሻ ሲበዛም የእብድ ውሻ በሽታ ስጋት በሰው ላይ ከበደ። አደጋው ሊታወቅ የቻለው ወፎቹን አስቀድሞ የቆጠረ ሰው ስለነበረ ነው። በእኛም ከተማ በቄራና በሥጋ ቤት ዙሪያ የምናያት፣ ራሷ መላጣ የሆነች ቡናማ ትንሽ ጥንብ አንሳ ከ2015 ጀምሮ ከምድር ለመጥፋት እጅግ በተቃረቡት ዝርዝር ውስጥ ተመዝግባለች። ያልቆጠርነውን ጎደለ ብለን መናገር አንችልም፤ ዛፍ ሲቆረጥና ረግረግ ሲደርቅም የምናቀርበው ማስረጃ አይኖረንም።

ለመቁጠር ሊቅ መሆን አያስፈልግም። በሰሜን አሜሪካ በ1900 በገና ዕለት 27 ሰዎች ወፍ ለመቁጠር ወጡ፤ ያ ቆጠራ እስከ ዛሬ ሳይቋረጥ ይካሄዳል፤ የሳይንስ ሰዎችም በየጊዜው ይጠቀሙበታል። በአገራችንም የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር የተቋቋመው በ1966 ነው። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ በሚገኘው በበርጋ ረግረግ፣ በክረምት እንቁላሏን የምትጥለውን፣ በዓለም እጅግ ብርቅ የሆነችውን ባለ ነጭ ክንፍ ትንሽ የሣር ወፍ ለመጠበቅ ተደራጅተው የተነሡት የአካባቢው ነዋሪዎች ናቸው።

ዩኒቨርሲቲያችንም በዚህ ነገር እንግዳ አይደለም። የሥነ ሕይወት መምህር የነበሩት ኤሚል አርባን ከሌዝሊ ብራውን ጋር ሆነው ያዘጋጁት የኢትዮጵያ ወፎች ዝርዝር በ1971 የታተመው በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ነው። በአገራችን የተመዘገበው የወፍ ዓይነት ዛሬ ከ850 በላይ ነው። ነገር ግን ዝርዝሩ በላቲንና በእንግሊዝኛ ነው። እኛ ልናክልበት የምንችለው ትልቅ ነገር እዚህ ላይ ነው። «ወፍ እንዳገሯ ትጮኻለች» ይባላል፤ ስሟም እንዳገሩ ነው። ከጎጃምና ከወለጋ፣ ከትግራይና ከሲዳማ፣ ከሐረርጌና ከወሎ የመጣን ተማሪዎች በአንድ ዛፍ ሥር ቆመን አንዲቱን ወፍ እያየን በየቋንቋችን ስሟን ብንጠራ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ማንም መጽሐፍ ያልያዘውን ደብተር እንሞላለን። አያቶቻችን ሲያልፉ ስሞቹ አብረዋቸው ይቀበራሉና ጊዜ የለንም።

የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። ኅብረታችን ቅዳሜ ጧት በ12 ሰዓት ዐሥር ወይም ዐሥራ አምስት ተማሪዎችን ያስወጣ። ከስድስት ኪሎ ግቢ አሮጌ ዛፎች ተነሥቶ በእግር አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል። የሩቅ ማያ መነጽር አንድ ቢገኝ እየተዋዋሱ ማየት ይቻላል፤ ባይገኝም ዐይንና ጆሮ አለን። አንዱ ጸሓፊ ይሁን፤ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ቦታውን፣ የታየውን ወፍና ቁጥሩን፣ ስሙን በየቋንቋው፣ ስሙን የተናገረው ተማሪ ከየት እንደመጣ ይመዝግብ። ደብተሩም በቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ፤ የሚመረቀው ለሚቀረው ያስረክብ።

የዓለም የስደተኛ ወፎች ቀን በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በእኛ አቆጣጠር በግንቦትና በጥቅምት መግቢያ ግድም ይከበራል። ይከበር፤ ነገር ግን በዚያ ቀን ብቻ ወጥተን ፎቶግራፍ ተነሥተን ከተመለስን የመስቀል ወፍ የተባልነው እኛው ነን። ወፎቹ በፈተና ሰሞንም፣ በጾምም፣ በፍስክም በየዛፉ አሉ። ስለዚህ ወንድሞችና እኅቶች፣ የፊታችን ቅዳሜ ወፍ ሳይንጫጫ እንነሣ፤ የሚቀጥለው ቅዳሜም እንዲሁ።