ጓደኛህስ የት አለ?

በትምህርት ቤት ዘመናችን የፈተና ውጤት ይዘን እቤት በገባን ቁጥር የምንጠየቃት አንዲት ጥያቄ ነበረች፤ ይኸውም «ስንተኛ ወጣህ?» የምትለው ናት። «ምን ተማርክ?» ወይም «ማንን አስጠናህ?» ብሎ የሚጠይቅ ዘመድ እምብዛም አይገኝም። አንደኛ የወጣው ልጅ ይሞገሳል፤ አርባኛ የወጣው አንገቱን ይደፋል። አንደኛውና አርባኛው ዓመቱን ሙሉ በአንድ ክፍል አብረው መክረማቸውን ግን ማንም ልብ አይለውም። ይህ ጸሐፊም በዚሁ ጥያቄ ያደገ ነው። ከዩኒቨርሲቲ ተመርቄ ሥራ ከያዝኩ ገና ሁለት ዓመት አልሞላኝም። እስካለፈው በጋ ድረስም ብቻውን ቀድሞ መድረስ የብርቱ ሰው ምልክት ነው ብዬ አምን ነበር። ይህን እምነቴን ያናጋብኝ መጽሐፍ ወይም መምህር ሳይሆን አንድ የስፖርት ውድድር ነው።

የውድድሩ ዓይነት በአገራችን ብዙ ያልተለመደ ስለ ሆነ አስቀድሜ ምንነቱን ላስረዳ። እንደ ማራቶን በእግር ብቻ የሚደረግ አይደለም፤ ታንኳ መቅዘፍ፣ ብስክሌት መንዳትና ተራራ መውጣት ተያይዘው የሚካሄዱበት ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ሮቢን ጃድኪንስ የተባለ የኒውዚላንድ ሰው ከአገሩ የደቡብ ደሴት ምዕራባዊ ዳርቻ እስከ ምሥራቃዊው ዳርቻ 243 ኪሎ ሜትር በሩጫ፣ በብስክሌትና በታንኳ የሚታለፍበትን ውድድር አቋቋመ። እ.ኤ.አ. በ1989 ደግሞ ፈረንሳዊው ዤራር ፉዚል በዚያው በኒውዚላንድ ብዙ ቀን የሚፈጅ ሌላ ውድድር ጀመረ፤ እያንዳንዱ ቡድን አምስት ሰዎች ያሉት ሲሆን ቢያንስ አንዲት ሴት እንድትገኝበት ግዴታ ነበረ። በስዊድንም እ.ኤ.አ. በ2002 አራት ሰዎች ሁለት ሁለት ሆነው፣ እየዋኙና እየሮጡ ከአንድ ደሴት ወደ ሌላ ደሴት ለመድረስ ተወራረዱ፤ የተሸነፈው ወገን የማደሪያውንና የእራቱን ሒሳብ እንዲከፍል ነበር ውሉ። ከአራት ዓመት በኋላ ይህ የወዳጆች ውርርድ ውድድር ሆነ።

እንዲህ ባሉ የቡድን ውድድሮች የተለመደ አንድ ደንብ አለ። በቡድን የገባ ሰው ለብቻው ቢደርስ እንደ ደረሰ አይቆጠርለትም። ሰዓቱ የሚመዘገበው የመጨረሻው ባልደረባ መስመሩን ሲረግጥ ነው።

እኔና አንድ የዩኒቨርሲቲ ባልንጀራዬ የገባንበት ውድድር ከእነዚህ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ጥቂት ወጣቶች ተሰባስበው ያዘጋጁት፣ ዝናም ሽልማትም የሌለው፣ በአንድ ቀን የሚያልቅ ነው። መነሻው በቢሾፍቱ የባቦጋያ ሐይቅ ሲሆን፣ በሐይቁ ላይ በታንኳ ቀዝፎ፣ ከዚያ በብስክሌት 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ተጉዞ፣ በመጨረሻም የዝቋላን ተራራ በእግር መውጣት ነበር። ቢሾፍቱ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን የዝቋላ ጫፍ ግን 3,000 ሜትር ይጠጋል። ልዩነቱን በወረቀት ላይ ሳየው ቀላል መስሎኝ ነበር።

ለሁለት ወር ተለማመድን። ነገር ግን እርሱ በሰፈሩ፣ እኔ በሰፈሬ ነው የተለማመድነው። አብረን የተለማመድንበት አንድም ቀን አልነበረም። «ሁለታችንም ብንበረታ ቡድኑ ይበረታል» ብለን ነበርና።

የዚህን አሳብ ጉድለት ገና ከውሃው ላይ ሳንወርድ አየነው። ታንኳው ሁለት ሰው የሚይዝ ነው። እኔ ከፊት፣ እርሱ ከኋላ ተቀምጠን እያንዳንዳችን ባለ በሌለ ኀይላችን ቀዘፍን። መቅዘፊያዎቻችን እርስ በርሳቸው ተጋጩ፤ ታንኳውም ወደ ፊት መሄዱን ትቶ እንደ እንዝርት ይሽከረከር ጀመር። በዳርቻው የቆሙ ልጆች ሳቁብን። ከእኛ ይልቅ ደካማ የሚመስሉ ሁለት እኅቶች ዝግ ባለ ምት፣ ነገር ግን እኩል እየቀዘፉ አልፈውን ሄዱ። በኋላ እንደ ተረዳነው፣ ከፊት ያለው ሰው ምቱን ይሰጣል፤ ከኋላ ያለው ያንን ምት ተከትሎ አቅጣጫውን ይጠብቃል። ጉልበት ሳይደማመጥ ሲቀር ጉልበት መሆኑ ይቀራል።

ከውሃው ስንወጣ ተናድጄ ነበር። በብስክሌቱ ላይ የጠፋውን ጊዜ ለማካካስ ስል ፈጥኜ ነዳሁ። መጀመሪያ ላይ ባልንጀራዬ ከኋላዬ ይሰማኝ ነበር፤ ከዚያ አልተሰማኝም። ዘወር ብዬ ማየት ይገባኝ ነበር፤ አላየሁም። የሚያልፉንን አልፌ፣ አቧራ ጠግቤ፣ ከተራራው ሥር ካለው መቆጣጠሪያ ጣቢያ ስደርስ በእጅጉ ደስ ብሎኝ ነበር። ቁጥሬን ለመዝጋቢው ዳኛ ነገርኩት። በዕድሜ የገፋ፣ ባርኔጣ ያደረገ ሰው ነው። ከመዝገቡ ቀና ብሎ፣ «ጓደኛህስ የት አለ?» አለኝ።

«ይመጣል፤ ትንሽ ዘግይቶ ነው» አልኩ።

«እንግዲያውስ አንተም ገና አልደረስክም ልጄ፤ እዚያ ጥላው ሥር ተቀመጥ» አለና ወደ መዝገቡ ተመለሰ።

እዚያ ጥላ ሥር አርባ ደቂቃ ተቀመጥኩ። ያለፍኳቸው ሁሉ ጥንድ ጥንድ ሆነው እየመጡ፣ እየተመዘገቡ ተራራውን ተያያዙት። ባልንጀራዬ በመጨረሻ ብቅ ያለው ብስክሌቱን በእጁ እየገፋ ነው። የኋላ ጎማው በእሾህ ተበስቶ ነበር። አልተቆጣኝም። አጠገቤ ደርሶ እጁን ዘረጋና «መንፊያውን ስጠኝ» አለኝ።

አንባቢ ሆይ፣ ያን ጊዜ የተሰማኝን ሐፍረት እስከ ዛሬ አልረሳውም። ሸክም ለመቀነስ ብለን ዕቃውን ማለዳ ተከፋፍለን ነበር። የጎማ መለጠፊያውና ማስቲሹ በእርሱ ከረጢት፣ የጎማ መንፊያው ደግሞ በእኔ ከረጢት ነበር። ቀዳዳውን መንገድ ላይ ለጥፎታል፤ የሚነፋበት ግን አልነበረውም። እኔ «ዘገየ» ብዬ የተማረርኩበትን መንገድ በእግሩ ያስኬደው ከእኔ ጀርባ ላይ ያለው ዕቃ ነበር። «ለምን አልተጣራህም?» ብለው፣ «ተጣርቻለሁ፤ አልሰማኸኝም» ብሎ መለሰልኝ።

ዝቋላን መውጣት ስንጀምር ተራው የእኔ ሆነ። በብስክሌቱ ላይ ኀይሌን ያለ መጠን ስለ ጨረስኩ፣ ግማሽ መንገድ ሳንደርስ ባቴ ተሸማቀቀና መራመድ አቃተኝ። ባልንጀራዬ ከረጢቴን ከትከሻዬ ላይ አውርዶ ደረቱ ላይ አንጠለጠለው። ከወገቡ ገመድ ፈትቶም አንዱን ጫፍ ሰጠኝ። በእንዲህ ያለው ውድድር ብርቱው ደካማውን በገመድ መሳቡ የተፈቀደና የተለመደ ነው። እኔ ግን አልያዝም አልኩ። ብዙ ጊዜ አንደኛ የወጣ ሰው በገመድ መጎተት ያሳፍረዋል። እንዲሁ ስንጨቃጨቅ፣ ከገዳሙ ተሳልመው የሚወርዱ እናት በትራቸውን ተደግፈው፣ የልጅ ልጃቸውን ትከሻ ይዘው አለፉን። ቆም ብለው አዩንና፣ «ያዝ እንጂ ልጄ! እኔስ ይህን ልጅ ይዤ አይደለም የወጣሁት?» ብለውኝ ሄዱ። ገመዱን ያዝኩ። ሁለታችንም በአንድነት ደረስን፤ ከኋላ ሦስተኛ ሆነን።

ይህን ታሪክ የማወራው ስለ ስፖርት ብቻ ለመናገር አይደለም። ሰኞ ጠዋት ወደ መሥሪያ ቤቴ ስመለስ ያንኑ ውድድር እዚያው ስላገኘሁት ነው። አንድ ባለጉዳይ ማመልከቻ ይዞ ይመጣል። እኔ በአንድ ቀን ጨርሼ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ እመራለሁ፤ «ከእኔ ዘንድ የቀረ ነገር የለም» እያልኩም እኮራለሁ። መዝገቡ ግን በሚቀጥለው ጠረጴዛ ሁለት ሳምንት ይቀመጣል። የተቀመጠበት ምክንያት ቢጣራ፣ አንዳንድ ጊዜ አንድ ቅጂ ወይም አንድ ቁጥር ስለ ጎደለ ነው፤ ያም የጎደለው በእኔ መሳቢያ ውስጥ ይገኛል። ለባለጉዳዩ የእኔ ፍጥነት ምን ይረባዋል? የእርሱ ሰዓት የሚቆመው መዝገቡ ከመጨረሻው ጠረጴዛ ሲወጣ ነው።

በዚህ አሳብ ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ፤ እኔም አንስቼው ነበርና። «ብርቱው ደካማውን ይጠብቅ ካልን ሰነፍ ሁሉ በሌላው ጀርባ ላይ አይተኛም ወይ?» ይባላል። በዩኒቨርሲቲ የቡድን ሥራ ሲሰጥ አንዱ ሌሊቱን ሙሉ ሲጽፍ አራቱ ጠዋት ስማቸውን ብቻ ሲያስገቡ ያላየ ተማሪ የለም። ተቃውሞው እውነት አለው። ሆኖም ሸክም ማገዝ ሌላ፣ ስም ማዋስ ሌላ ነው። ባልንጀራዬ ከረጢቴን ያዘልኝ እንጂ ተራራውን አልወጣልኝም፤ እያንዳንዱን እርምጃ በገዛ እግሬ ነው የረገጥኩት። ሳይሠራ ስሙን የሚያስገባው ተማሪ ገመዱን ይዞ የሚራመድ ሳይሆን ጭራሽ ከመንደሩ ያልተነሣ ነው። እርሱን «አልመጣም» ብሎ ማስመዝገብ ተገቢ ነው። በመንገድ ላይ ያለውን ግን መጠበቅ ግዴታ ነው።

መጠበቅም ቢሆን ግብን መተው አይደለም። በ1996 ዓ.ም. በአቴንስ ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ውድድር ቀነኒሳ በቀለና ስለሺ ስኅን ታላቃቸው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በጅማት ሕመም ምክንያት ወደ ኋላ ሲቀር ዘወር ብለው እያዩ ፍጥነታቸውን መቀነሳቸውን የማያስታውስ የለም። ኃይሌ አምስተኛ ወጣ፤ ቀነኒሳና ስለሺ ግን ወርቁንና ብሩን ከመውሰድ አልተከለከሉም። በዚያ ቀን ከወርቁ እኩል የሚወራልን ያ ወደ ኋላ መዞር ነው። ከዚያ በፊትም በ1972 ዓ.ም. በሞስኮ ምሩጽ ይፍጠር፣ መሐመድ ከድርና ቶሎሳ ቆቱ በዚሁ ርቀት ከፊት መምራቱን እየተቀባበሉ ሮጠው፣ ምሩጽ ወርቅ፣ መሐመድ ነሐስ አግኝተዋል። «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» የሚለው የአባቶች ቃል በእነዚህ ሯጮች ላይ ታይቷል።

ስለዚህ ለእኩዮቼ ሁለት ነገር አሳስባለሁ። ብርቱ የሆንን እንደ ሆነ፣ ከመፍጠናችን በፊት ለጓደኛችን የሚያስፈልግ ምን ነገር በከረጢታችን እንደ ያዝን እንመርምር፤ ያወቅነውን አሠራር ማስተማር፣ የያዝነውን ሰነድ ማካፈል ከዚህ ይቆጠራል። የደከምን እንደ ሆነ ደግሞ «አልቻልኩም፤ አግዘኝ» ለማለት አንፈር። በየመሥሪያ ቤቱ ሥራ የሚያጓትተው አለማወቅ ብቻ አይደለም፤ አለማወቅን መደበቅ ጭምር ነው። መምህራንም በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ፣ የመጨረሻው ልጅ ሲገባው ብቻ ለሁሉም ማርክ የሚሰጥበት ፈተና ቢያዘጋጁ፣ ብርቱው ተማሪ ማስጠናትን ይለምድ ነበር እላለሁ።

እኔና ባልንጀራዬ በሚመጣው በጋ ለመመለስ ተስማምተናል። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ አብረን እንለማመዳለን። መንፊያውና መለጠፊያውም በአንድ ከረጢት ሆኗል።